የኮሳይን ሕግ እና ያቺ የመቀነስ ምልክት

የፓይታጎረስን ቲዎረም ያልሰማ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። የኮሳይን ሕግን ግን ብዙዎች ለፈተና ሸምድደው በማግስቱ ይረሱታል። ይህ ያሳዝነኛል። ፓይታጎረስ የሚያገለግለው ቀጤ ማዕዘን ሲገኝ ብቻ ነው፤ መሬት ላይ የሚያጋጥሙን አብዛኞቹ ጎነ ሦስቶች ደግሞ ቀጤ ማዕዘን የላቸውም።

ሕጉ አጭር ነው። ሁለት ጎኖችና በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ሲታወቁ የጎኖቹን ካሬዎች ይደምሩ። የሁለቱን ጎኖች ብዜት በ2፣ ከዚያም በማዕዘኑ ኮሳይን አባዝተው ከድምሩ ላይ ይቀንሱ። የቀሪው ዳግም ዘር የጠፋው ጎን ነው። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ከሆነ ኮሳይኑ ዜሮ ስለሆነ ተቀናሹ ይጠፋል፤ የሚቀረው ፓይታጎረስ ራሱ ነው።

የሕጉ ውበት ያለው በዚያ ተቀናሽ ላይ ነው። ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ሲጽፍ ኮሳይን የሚባል ነገር ስላልነበረው ጉዳዩን ለሁለት ከፍሎ አስረድቶታል፤ በሁለተኛው መጽሐፉ 12ኛው ሐሳብ ስለ ዝርጥ ማዕዘን፣ 13ኛው ስለ ሹል ማዕዘን ነው። ዛሬ አንድ ቀመር ሁለቱንም ይይዛል፤ የዝርጥ ማዕዘን ኮሳይን ኔጌቲቭ ስለሆነ መቀነሱ በራሱ ወደ መደመር ይለወጣል። ፈረንሳዮች ሕጉን የሚጠሩት በሳማርካንድ በሠራው፣ «የሒሳብ ቁልፍ» የተባለውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1427 በጨረሰው በአል ካሺ ስም ነው።

ከኩሬ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካሎች ተተክለዋል እንበል። ቀያሹ ከመጀመሪያው 30፣ ከሁለተኛው 50 ሜትር ርቆ ቆሟል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ነው። 900 እና 2,500 ሲደመሩ 3,400 ይሆናሉ። የጎኖቹ ብዜት እጥፍ 3,000 ነው፤ የ120 ዲግሪ ኮሳይን ኔጌቲቭ ግማሽ ስለሆነ 1,500 ይታከላል። 4,900 ሆነ፤ ዳግም ዘሩ 70 ሜትር።

አሁን ቀያሹ የመጀመሪያውን ችካል ፊት ለፊት እያየ በቀጥታ 50 ሜትር ወደ ኋላ ይሂድ። ከዚያ ችካል 80 ሜትር ራቀ። ከሁለተኛው ግን አሁንም 50 ሜትር ላይ ነው፤ የቀድሞው መቆሚያ፣ አዲሱ መቆሚያና ሁለተኛው ችካል ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት ሠርተዋልና። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ሆኗል። 6,400 እና 2,500 ተደምረው 4,000 ሲቀነስ፣ ያው 4,900! ኩሬው አልሰፋም አልጠበበም፤ ምልክቱ ተገልብጦም መልሱ አልተዛነፈም። ይህን ለተማሪ ባሳየሁ ቁጥር እኔም እንደገና እደሰታለሁ።

ግዴለሾች ግን ይህን ያበላሹታል። አንዳንዱ በ120 ዲግሪው የኔጌቲቩን ምልክት ይጥልና 43.6 ሜትር ያገኛል። ከዝርጥ ማዕዘን ፊት ለፊት ያለ ጎን ሁልጊዜ ከሁሉ ረጅም ነው፤ 50 ሜትር ጎን እያለ 43.6 ከየት ይመጣል? ሌላው በ60 ዲግሪው መጀመሪያ ከ8,900 ላይ 8,000 ቀንሶ ቀሪውን በኮሳይኑ ያባዛል፤ 21.2 ሜትር ይወጣለታል። ሦስተኛው ጎን ከሁለቱ ልዩነት፣ ማለትም ከ30 ሜትር፣ ማነስ እንደማይችል ለአፍታ ቢያስብ ኖሮ ስህተቱን ራሱ ይይዘው ነበር። ካልኩሌተሩን ራዲያን ላይ ትቶ 128.5 ሜትር የሚጽፍም አለ። ማሽኑ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል።

የዛሬ ቀያሾችን ቶታል ስቴሽን የተባለው የመለኪያ መሣሪያ ሁለቱን ችካሎች አነጣጥሮ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ወዲያው ይነግራቸዋል። ውስጡ የሚሰላው ይኸው ሕግ ነው። የሚታወቀው አንድ ጎንና ሁለት ማዕዘን ከሆነ ግን የሳይን ሕግን ይጠቀሙ።

መምህራንን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ሕጉን ስታስተምሩ ከዝርጡ ማዕዘን ጀምሩ፤ ሹሉ ይደርሳል።