ባሕር ዳር በሌሊት፦ የውሃ ዳር ከተማ መብራትና ውበቱ

ውሃ ዳር የተቆረቆረ ከተማ በቀንና በሌሊት አንድ ዓይነት መልክ የለውም። ቀን ላይ ግንቡም፣ ዛፉም፣ ገበያውም፣ የተሽከርካሪው ጋጋታም እኩል ይታያል። ሲመሽ ግን ዝርዝሩ ጨለማ ውስጥ ይገባና መብራት የበራለት ብቻ ጎልቶ ይቀራል፤ ድልድዩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ የዳርቻው መንገድ። ያንኑ መልክ ከሥር የተኛው ውሃ ደግሞ ያሳየዋል። በዳኑብ ወንዝ ላይ የተሠራችው ቡዳፔስት፣ በቭልታቫ ዳር ያለችው ፕራግ፣ ሴን የሚያቋርጣት ፓሪስ በዓለም ዙሪያ ጎብኚ የሚስቡት በቀን መልካቸው ብቻ ሳይሆን በዚህ የምሽት ገጽታቸውም ጭምር ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ላለው እይታ እጅግ የተመቸችው ከተማ ባሕር ዳር ናት። በአንድ በኩል የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ጣና አለላት፤ በሌላ በኩል ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጉዞውን የሚጀምረው ከእርሷ ነው።

መብራት ከጸሎት ሲጀምር

የከተማን ሌሊት በብርሃን ማስጌጥ በብዙ አገር የተጀመረው በሃይማኖታዊ በዓል ነው። የፈረንሳይዋ ሊዮን ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። ከተማዋ ሮንና ሶን የሚባሉ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1852 በፉርቪዬር ኮረብታ ላይ የሚቆመው የእመቤታችን ሐውልት በመስከረም ወር እንዲመረቅ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም የሶን ወንዝ በመሙላቱ ምረቃው ወደ ታኅሣሥ 8 ተዛወረ። በዕለቱ ደግሞ ማዕበል ተነሥቶ በዓሉን ሊያስቀር ደረሰ። ወደ ማታ ሰማዩ ሲጠራ የከተማዋ ሰው በየመስኮቱ ሻማ አበራ። ያ ልማድ እስከ ዛሬ አልቀረም፤ በየዓመቱ በታኅሣሥ የሚከበረው የሊዮን የብርሃን በዓል መነሻው ይኸው ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1989 የትኛው ሕንፃ፣ ድልድይና ዳርቻ እንዴት እንደሚበራ የሚወስን የመብራት ዕቅድ አወጣች፤ ለብዙ ከተሞችም አርአያ ሆነች።

ይህ ታሪክ በደቡብ ጎንደር ላለው ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው እንግዳ አይደለም። የቡሄ ዋዜማ ሲመሽ በየደጁ ችቦ ይለኮሳል። ከፍ ካለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ከመንደር መንደር፣ ከተረተር ተረተር የሚበራውን እሳት ያያል። በዚያ ምሽት አገሩ የት የት ቤት እንዳለበት በእሳቱ ይታወቃል። በድጓ ማስመስከሪያነቷ በመላ ኢትዮጵያ በምትታወቀው በጋይንቷ ቤተ ልሔምም ሌሊት የራሱ ሥራ አለው። በአብነት ትምህርት ወግ መጽሐፍ የሚነበበው በቀን ነው፤ ሌሊቱ ብርሃን ለማይሻው ለቃል ትምህርት ይውላል። ማሕሌቱም ሲቆም ጧፍና ሻማ ለሚያስፈልገው ብቻ ይበራል። ብርሃንን ለተገባው ቦታና ሰዓት የመስጠት ሥርዓት ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረ ነው።

የጉና ውሃ፣ የባሕር ዳር መብራት

ከጋይንት ተነሥቶ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚወርድ መንገደኛ የጉናን ተራራ ይዞ ይጓዛል። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከጉና አካባቢ ነው። ሁለቱም ፎገራንና ደራን አጠጥተው ጣና ይገባሉ፤ ከግልገል ዓባይና ከመገጭ ጋር የሐይቁ ዋና ገባሮች ናቸው። ከሐይቁ የሚወጣው ብቸኛው ወንዝ ዓባይ ነው። ባሕር ዳርን አልፎ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ጢስ ዓባይ ላይ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል።

የባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ታሪክ ከዚህ ፏፏቴ ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር 11 ሜጋ ዋት ገደማ ያመነጭ ነበር። ውሃው ከፏፏቴው በላይ በቦይ ይጠለፋል፣ በቧንቧ ቁልቁል ይወርዳል፣ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ከዚያም ወደ ወንዙ ይመለሳል። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጨመር አቅሙ በብዙ እጥፍ አደገ። ነገር ግን ለተርባይኑ የሚጠለፈው ውሃ በበዛ ቁጥር በገደሉ ላይ የሚወርደው ቀነሰ፤ በበጋ ፏፏቴው ከቀድሞው ግርማው ጥቂቱን ብቻ ይዞ የሚታይባቸው ዓመታት ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከጣና ውሃ የሚስበው የበለስ ማመንጫ ተመረቀ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በዓባይ ላይ፣ ከሱዳን ጠረፍ አጠገብ፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። በባሕር ዳር ዳርቻ የሚበራ መብራት ሁሉ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በውሃ ይከፈላል።

አዲሱ ድልድይ

የባሕር ዳር የምሽት መልክ በጉልህ የተለወጠው በግንቦት 2016 ዓ.ም. አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። ከመኪና መስመሮቹ ሌላ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው፤ ብስክሌት ለለመደችው ባሕር ዳር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለስድሳ ዓመት ያህል ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚመጣውን ሁሉ ብቻውን ያሻገረው የቀድሞው ድልድይ ጠባብ ነበር። አዲሱ በቋሚ ምሰሶዎቹና ከምሰሶዎቹ በተወጠሩት ገመዶቹ ከሩቅ ይለያል። ሲመሽ መብራቱ የገመዶቹን መሥመር ተከትሎ ይወጣል፤ ከሥሩ ዓባይ ያንን መሥመር ገልብጦ ያሳየዋል።

ቡዳፔስትም ዝናዋን ያገኘችው በተመሳሳይ አቀማመጥ ነው። ቡዳ ኮረብታ ላይ ናት፣ ፔስት ሜዳ ላይ፤ እ.ኤ.አ. በ1873 አንድ ከተማ እስኪሆኑ ድረስ የተለያዩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1849 የተከፈተው የሰንሰለት ድልድይ አገናኛቸው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈርሶ በመቶኛ ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1949 እንደገና ተከፈተ። ሰው ፔስት ቆሞ የቡዳን ቤተ መንግሥት፣ ቡዳ ቆሞ የፔስትን ፓርላማ ያያል። የውሃ ዳር ከተማ ምስጢሩ ይህ ነው፦ ወንዙ ተመልካቹን ከሚያየው ነገር የሚያርቅ ሰፊና ጨለማ ሜዳ ይሆናል፤ እይታውን የሚከልል ሕንፃ መካከል ላይ አይቆምም።

ውሃ ብርሃንን እንዴት ያሳያል?

ውሃው ፍጹም ሲረጋ መብራቱን ልክ እንዳለ ገልብጦ ያሳያል። ነፋስ ሲነካው ግን ላዩ ወደ ብዙ ትንንሽ ሞገዶች ይከፈላል። እያንዳንዱ ሞገድ በራሱ በኩል ዘንበል ያለ ገጽ ስላለው የመብራቱን ብርሃን ከተለያየ ቦታ ወደ ዓይን ይመልሳል። በዚህ ምክንያት አንድ ክብ አምፖል ውሃው ላይ ወደ ተመልካቹ የተዘረጋ ረጅም የብርሃን ዓምድ ይሆናል። ተመልካቹ ሲራመድ ዓምዱም አብሮት የሚሄድ ይመስላል። ጣና ነፋስ ጋብ ሲልለት ከወንዙ ይልቅ የጠራ ምስል ይሰጣል፤ ዓባይ ደግሞ ስለሚፈስ ምስሉን እየሰበረና እየገጠመ ያንቀሳቅሰዋል።

የመብራቱ ቀለምም ለውጥ ያመጣል። ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን ድንጋይን፣ ኖራንና እንጨትን ያሞቃል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ደግሞ ያገረጣቸዋል፣ ዓይንንም ያደክማል። ፕራግ አሮጌ መንገዶቿን በጋዝ ፋኖስ ማብራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1847 ነበር። በኋላ በኤሌክትሪክ ብትተካውም በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሮጌው ሰፈር ጋዙን መልሳለች። የፓሪሱ አይፌል ግንብም ዛሬ የሚታወቅበትን ወርቃማ ብርሃን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ነው።

መቼና ከየት ይታያል?

የሌሊት እይታ እጅግ የሚያምረው ሌሊቱ ሳይገባ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ሰማዩ ገና ጥቁር ሳይሆን ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ መብራቱ በርቷል፣ የኮረብታውና የዛፉ ቅርጽም ገና አልጠፋም። በአውሮፓ ይህን ሰዓት መያዝ ያስቸግራል። በቡዳፔስት በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ሲሆን በታኅሣሥ ደግሞ ገና 10 ሰዓት ገደማ ነው። ባሕር ዳር ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሰዓቱ አይዛነፍም፤ ነገር ግን አጭር ነው፣ ሃያ ደቂቃ ቢሞላ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦታ ይዞ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ወቅቱንም መምረጥ ይገባል። ክረምት ላይ ደመናና ዝናብ እይታውን ይጋርዳል፤ ዓባይም ይደፈርሳል። ዝናቡ አባርቶ አየሩ የሚጠራበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከበጋው አጋማሽ ጀምሮ አቧራና ጭጋግ ይጨምራል።

ከቦታዎቹ አንዱ በዘንባባ የተከበበው የከተማዋ ክፍልና የሐይቁ ዳርቻ የእግር መንገድ ነው፤ ከዚያ ጣና ሰፍቶ ይታያል፣ ከደንገል የተሠራ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰውም ከጨለማው በፊት ወደ ዳር ሲመለስ ይታያል። ሁለተኛው የድልድዩ የእግረኛ መንገድ ነው። ሦስተኛው ከዓባይ በላይ ያለው የቤዛዊት ኮረብታ ሲሆን የከተማዋን፣ የወንዙንና የሐይቁን አቀማመጥ በአንድ ዓይን ያሳያል።

ጥንቃቄም አለ። በዓባይ ዳር ጉማሬ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ የሚወጣው በሌሊት ነው፤ መብራት ወደሌለው የወንዝ ዳርቻ መውረድ አደገኛ ነው። የጣና አካባቢ ወባ ስላለበት ክንድና እግርን የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል። የመንቀሳቀሻ ሰዓት ገደብ ካለ አስቀድሞ የከተማውን ሰው መጠየቅ ይበጃል። ፎቶ ለማንሳት የስልኩን ፍላሽ አጥፍቶ ስልኩን በአጥር ወይም በግንብ ላይ ማስደገፍ ይበቃል፤ ፍላሹ እጅ የሚደርስበትን እንጂ የሩቁን ድልድይ አያበራም።

የጎንደር ሌሊት

ወደ ሰሜን ሲኬድ ጎንደር ሌላ ዓይነት ምሽት አላት። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቷት ከተማ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ትገኛለች። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከተማዋን ከላይ ለማየት የጎሃ ኮረብታ የታወቀ ቦታ ነው። በጎንደር ግን ውሃና ብርሃን በእውነት የሚገናኙት በጥምቀት ዋዜማ ነው። ከቀሃ ወንዝ በተሳበ ውሃ የተሞላው የፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት አጠገብ ታቦታቱ ያድራሉ፤ ካህናቱ ማሕሌት ሲቆሙ፣ ምእመናኑ ጧፍ ሲያበሩ ያነጋሉ።

የብርሃን ልክ

ብዙ መብራት ማለት ብዙ ውበት ማለት አይደለም። ሁሉም ነገር እኩል ሲበራ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል፤ ውሃውም ጨለማነቱን ካጣ ምስል አይሰጥም። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገበ የአእዋፍ፣ የዓሣና የደንገል ቤት ነው፤ ወደ ሐይቁ የተነጣጠረ ብርቱ ብርሃን ነፍሳትን ይስባል፣ ሌሊት የሚንቀሳቀሱትን እንስሳት ያውካል። በአውሮፓም እ.ኤ.አ. በ2022 የኃይል ዋጋ ሲንር በርሊን የብዙ ሐውልቶቿን መብራት አጥፍታ ነበር፤ አይፌልም ቀድሞ መጥፋት ጀመረ። በዚህ የከተሞቹ ውበት አልቀነሰም።

ባሕር ዳር ሐይቅም፣ ወንዝም፣ ድልድይም አሏት፤ የሚቀራት የትኛው ይብራ፣ የትኛው ይጨልም የሚል እንደ ሊዮን ያለ ዕቅድ ነው። ድልድዩ፣ ጉልላቱና የእግር መንገዱ በለዘበ ብርሃን ይብሩ፤ ደንገሉና የጉማሬው ዳርቻ በጨለማ ይቆዩ። ውሃው ከጉና ጀምሮ የሁሉም ነውና፣ በርብና በጉማራ ምንጮች ዙሪያ ተዳፋቱን በእርከንና በዛፍ የሚጠብቅ ገበሬም በዚህ ምሽት ውበት ላይ ድርሻ አለው። ከጋይንት፣ ከስማዳም ሆነ ከእስቴ ለገበያ፣ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው ሥራውን ሲጨርስ አንድ ምሽት ጣና ዳር ይቀመጥ።