የፋሲካ ዶሮ ወጥ፦ ቅቤው ሲቀንስ ጣዕሙ ይቀንሳልን?

ከ55 ቀናት የዐቢይ ጾም በኋላ የሚቀርብ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ ለሆድ ድንገተኛ ሸክም ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ይሰጣል፤ ይህም አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ከሚሰጠው ከእጥፍ በላይ ነው። ከዚህም ሌላ ቅባት ትንሹ አንጀት ሲደርስ የሐሞት ከረጢት እንዲኮማተር ያደርጋል፤ የሐሞት ጠጠር ላለበት ሰው ይህ የብርቱ ሕመም መንስኤ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ቅቤውን ስንቀንስ ጣዕሙ አብሮ አይጠፋምን? የኮረሪማንና የኮሰረትን መዓዛ የሚሰጡት ውህዶች በስብ የሚሟሙ፣ በሙቀትም በቀላሉ የሚተኑ ናቸው። ቅቤው ከመጀመሪያው አንሥቶ ሲንተከተክ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይባክናል። ስለዚህ ሽንኩርቱን ጠብ ጠብ በሚደረግ ውኃ አቁላልቶ፣ ጥቂት ንጥር ቅቤ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል መጨመር ይበቃል። ስብ ከውኃ ስለሚቀል፣ ያደረው ወጥ ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋውን መግፈፍም ይቻላል።