ባንዳ፦ ወራሪ የአገሩን ልጅ ዘበኛው ሲያደርግ

ከግልገል በለስ እስከ አዲስ አበባ ሰዎች ሲካረሩ ከአፋቸው ቶሎ ከሚወጡ ስድቦች አንዱ «ባንዳ» ነው። ቃሉ ግን ሲጀመር የሥራ ስም ነበር። በጣሊያንኛ ጓድ ወይም ጭፍራ ማለት ሲሆን፣ ጣሊያኖች ከመደበኛው ጦር ውጭ ከአገሬው ሰው ያደራጇቸውን ታጣቂዎች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ስድብ ያደረገው የሠሩት ሥራ ነው።

ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ብትይዝም ይህን ሰፊ አገር በራሷ ወታደሮች ብቻ መጠበቅ አልቻለችም። ስለዚህ የአገሬውን ሰው በየደረጃው አሰለፈች። በመደበኛው ጦር ውስጥ አስካሪዎች ነበሩ፤ ቃሉ «ወታደር» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። በካራቢኔሪ ሥር ደግሞ ዛፕቲዬ የተባሉ የፖሊስ ሠራተኞች ነበሩ፤ ስሙ ከኦቶማን ቱርኮች የተወረሰ ነው። ኋላ «የኢጣሊያ አፍሪካ ፖሊስ» በተባለው ድርጅትም ጣሊያኖችና አስካሪዎች አብረው ያገለግሉ ነበር። ባንዳው በየወረዳው መንገድ ይጠብቃል፣ ምሽግ ያስከብራል፣ ወሬ ያቀብላል፣ አርበኛ የተሸሸገበትን መንደር ይጠቁማል።

ሰው ለምን ገባበት? አንዱን ደመወዝና ጠመንጃ ሳበው፤ ሌላው የቆየ ቂሙን ሊወጣ ፈለገ፤ ሌላው ቤተሰቡ እንዳይጠፋ ፈራ። አንዳንድ ባላባት ደግሞ ሹመቱን ላለማጣት ወይም የተነጠቀውን ለማስመለስ ገባ። ቀን ለጣሊያን እየሠሩ ሌሊት ለአርበኞች ጥይትና መረጃ የሚያሾልኩ የውስጥ አርበኞችም ነበሩ። ከድተው ከነመሣሪያቸው ወደ አርበኞች የገቡ አስካሪዎችም ጥቂት አልነበሩም።

ሃይማኖትን መሣሪያ ማድረግ

እኛን ሙስሊሞችን ይበልጥ የሚመለከተን ቀጥሎ ያለው ነው። ሙሶሊኒ በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ጎራዴ ተቀብሎ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ። ይኸው መንግሥት በመስከረም 1924 ዓ.ም. ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታርን ሊቢያ ውስጥ ሰቅሎ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የምሥራቅ ሊቢያ ጦር አዛዥ ግራዚያኒ ነው። ግራዚያኒ ኢትዮጵያ ውስጥም በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንዲገደሉ ሲያዝ፣ ለግድያው የተመረጠው ሙስሊም ወታደሮች ያሉበት የቅኝ ግዛት ሻለቃ ነበር። የክርስቲያን ወታደር እጅ እንዳይሰንፍ ታስቦ ነው። ትእዛዙ የጣሊያን፣ ጥይቱ የጣሊያን ሆኖ ቂሙ በጎረቤት ላይ እንዲቀር ተደረገ።

ከወራሪው ጋር የተዋጉ ሙስሊሞች ግን ነበሩ። ሶማሊያዊው ዑመር ሰመተር ጣሊያንን በአገሩ ተዋግቶ ወደ ኢትዮጵያ ከተሻገረ በኋላ ወልወል ላይ ከኢትዮጵያ ወገን ተሰልፏል።

መተከልና አሶሳ

የወረራው ፍጻሜም በእኛ ምድር አልፏል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ገብተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም አመሩ። አሶሳን ደግሞ በዚያው ዓመት በመጋቢት ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ጦር ከጣሊያን አስለቀቀ። ጣሊያኖች በጎጃም የመጨረሻ ተስፋቸውን የጣሉት ወደ ደብረ ማርቆስ በመለሷቸው በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና በባንዶቻቸው ላይ ነበር። አላዳናቸውም።

ከድል በኋላ የነበረው ፍርድ ቀጥተኛ አልነበረም። ጣሊያንን ካገለገሉት ብዙዎቹ ሥልጣን ላይ ሲቆዩ አርበኛው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። ይህ በሕዝብ ዘንድ የተወው ቁስል ቃሉን እስከ ዛሬ አሹሎታል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ከናዚዎች ጋር ያበረው ሚሊስ በ1943 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ የገዛ ወገኑን አሳድዷል፤ የኖርዌዩ ኩዊዝሊንግ ስምም በብዙ ቋንቋ «ከሃዲ» ማለት ሆኗል።

በእኛ አገር ግን ቃሉ ከሰው አልፎ በብሔርና በእምነት ላይ ይለጠፋል። በመተከል ሰው በወገኑ ስም ሲሞትና ሲፈናቀል አይተናል። ባንዳነት አንድ ሰው በእጁ የሠራው ሥራ እንጂ ከአባቱ የሚወርሰው ደም አይደለም። እስልምናም ጥፋትን በጥፋተኛው እንጂ በዘመዱ ላይ አይጭንም። ቃሉን ጎረቤት ላይ ከመወርወራችን በፊት ወራሪው ሊያተርፍ የፈለገው ይህንኑ ቂም እንደነበር እናስታውስ።