አፈሩ ስንት ይሸከማል?

«የዚህ አፈር የመሸከም አቅም ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር ብቻ የሚበቃው ይመስላል። እኔ ግን ቁጥሩ እስከ ስንት ሜትር ጥልቀት እንደሚያገለግል ካልታወቀ አደገኛ መሆኑን ላሳያችሁ።

እስቲ መጀመሪያ ስሌቱን እንየው። ቴርዛጊ በ1943 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ቀመር፣ ውሃ በጠገበ ሸክላ ላይ ለሚያርፍ ካሬ ፉቲንግ ሲቃለል፣ የአፈሩ ኮሂዥን በ7.4 ተባዝቶ ከፉቲንጉ ግርጌ በላይ ያለው የአፈር ጫና ይደመርበታል። ኮሂዥኑ 50 ኪሎፓስካል፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር፣ የአፈሩ ክብደት በሜትር ኩብ 18 ኪሎኒውተን ቢሆን፣ 370 ሲደመር 27፣ ማለትም 397 ኪሎፓስካል ይመጣል። ለደኅንነት በ3 ስናካፍለው 132። 600 ኪሎኒውተን ለሚያወርድ ኮለን ጎኑ 2.15 ሜትር የሆነ ፉቲንግ ይበቃል። ኮሂዥኑ ወደ 25 ቢወርድ ግን 71 ብቻ ስለሚቀር ጎኑ 2.95 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ልብ በሉ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ አቅሙን የሚለውጥ ስፋት የለም። ታዲያ ስፋት ምን አገባው? ጭነቱ ወደ ታች የሚዘልቀው በፉቲንጉ ስፋት ልክ ነው። ከካሬ ፉቲንግ መሐል ሥር፣ የስፋቱን እጥፍ ስንወርድ ከጫናው አንድ አሥረኛ ያህሉ ይቀራል። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሙከራ ሳህን የሚነግረን ስለ 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ነው፤ የ2 ሜትር ፉቲንግ ግን 4 ሜትር ድረስ ያለውን አፈር ይነካል።

ይህ በካናዳ፣ ዊኒፔግ አጠገብ በትራንስኮና በተግባር ታየ። ስፋቱ 23.5 ሜትር በሆነ ራፍት ላይ የቆመ የእህል ጎተራ ጥቅምት 1913 እ.ኤ.አ. እየተሞላ ሳለ መስጠም ጀመረ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 27 ዲግሪ ገደማ ዘመመ። ከግንባታው በፊት የተደረገው የሳህን ሙከራ አፈሩ ይችላል ብሎ ነበር። በ1951 የተቆፈሩ ጉድጓዶች ግን ጠንከር ካለው ሸክላ ሥር ለስላሳ ሸክላ መኖሩን አሳዩ። ሳህኑ እዚያ አልደረሰም፤ ጎተራው ግን ደረሰ።

በእኛ አገር ደግሞ ወቅቱም አለ። ጥቁር አፈር በበጋ ሲቆፍሩት እንደ ድንጋይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ያብጣል። ማበጡ ራሱን የቻለ ምርመራ የሚፈልግ እንጂ የመሸከም አቅም ቁጥር የሚመልሰው ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ የአፈር ሪፖርት እጃችን ሲገባ ከቁጥሩ በፊት ሁለት ነገር እንይ፦ ጉድጓዱ ቢያንስ የፉቲንጉን ስፋት እጥፍ ከግርጌው በታች ወርዷል ወይ? ናሙናውስ የተወሰደው በየትኛው ወር ነው? መልስ ከሌለው፣ ቁጥሩ ስንትም ቢሆን ዲዛይን አይጀመርበትም።