የጥርስ ሥር ጫፍ ቀዶ ሕክምና፦ መሙያው ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመቂና በባቱ ቡናማ ጥርስ የተለመደ ነው። ምክንያቱ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ የሚበዛው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ ሲያልፍ፣ ገና ከድድ ያልወጣውን የልጅ ጥርስ የላይ ሽፋን ያበላሻል። ጉዳቱ በአብዛኛው የሽፋኑ ስለሆነ ለቀለሙ ብሎ ጥርስ ማስነቀል አይገባም።

ይሁን እንጂ ይህ ቡናማነት ሌላ ችግር ሊሸፍን ይችላል። ፍሎራይድ ያመጣው ቀለም በግራና በቀኝ ባሉ አቻ ጥርሶች ላይ ተመሳስሎ ይታያል። በመውደቅ ወይም በመመታት ነርቩ የሞተ ጥርስ ግን ለብቻው ይጠቁራል። ሁሉም ጥርስ ቡናማ በሆነበት አፍ ይህ ሳይስተዋል ይቀርና ጥርሱ ሳያም ለዓመታት ሥሩ ጫፍ ላይ መግል ሊቋጥር ይችላል። የሚያጋልጠው ራጅ ነው።

የእንዲህ ያለው ጥርስ የመጀመሪያ ሕክምና የሥሩን ቦይ አጽድቶ መሙላት፣ ማለትም ሩት ካናል ነው። ያ ካልሠራ፣ እንደገና መሥራትም ካልተቻለ፣ ከመንቀል በፊት አንድ ዕድል ይቀራል፤ እሱም የሥር ጫፍ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ አደንዝዞ ድዱን ይከፍታል፣ አጥንቱን በትንሹ ይበሳል፣ ያመረቀዘውን ሥጋ ያወጣል። ከዚያ የሥሩን ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆርጣል፤ ቀጫጭን የጎን ቦዮች የሚበዙት እዚያ ነውና። በመጨረሻ የተቆረጠውን ሥር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቦርቡሮ ይሞላዋል። መሙያው የሚያስፈልገው በቦዩ ውስጥ የቀሩ ባክቴሪያዎች ወደ አጥንቱ እንዳይወጡ ለመዝጋት ነው።

ለብዙ ዓመታት የሚሞላው አማልጋም ነበር። ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ እየዛገ ያሾልካል፣ ድድንም ያጠቁራል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ዛሬ አይመከርም። ቀጥለው አይ አር ኤም እና ሱፐር ኢ ቢ ኤ መጡ፤ ሁለቱም ከዚንክ ኦክሳይድና ከዩጂኖል የሚሠሩ ናቸው። ዩጂኖል ጥርስ ሲያመን በምንነክሰው ቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ዋናው ንጥረ ነገር ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ማህሙድ ቶራቢነጃድ ኤም ቲ ኤ የተባለውን መሙያ አስተዋወቁ። መሠረቱ ተጣርቶ የተዘጋጀ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ሲሆን በራጅ እንዲታይ ቢዝመዝ ኦክሳይድ ይጨመርበታል። ትልቁ ጥቅሙ ደም ባለበት እርጥብ ቦታ መጠንከሩና የሥሩ የራሱ ሽፋን በላዩ ላይ እንደገና ማደግ መቻሉ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ለመድረቅ ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጅ ነበር፣ ለአያያዝም ያስቸግራል። ከእሱ በኋላ ከመጡት፣ ባዮሴራሚክ ከተባሉት መሙያዎች ብዙዎቹ ተቦክተው የተዘጋጁ በመሆናቸው ለሐኪሙ ይቀላሉ።

ውጤቱስ? በ2010 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚያሳየው በቀድሞው አሠራር፣ በአማልጋም፣ ከ100 ጥርስ 59 ያህሉ ሲድኑ፣ በማይክሮስኮፕና በአዲሶቹ መሙያዎች 94 ያህሉ ድነዋል። ይህ ልዩነት ግን የመሙያው ብቻ አይደለም፤ አቆራረጡም መሣሪያውም አብሮ ተለውጧል። አዲሶቹ መሙያዎች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ይጠባል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በወጣ የእንግሊዝ ጥናት ከ2 ዓመት በኋላ ኤም ቲ ኤ የተሞላላቸው 92 ከመቶ፣ አይ አር ኤም የተሞላላቸው 87 ከመቶ ድነዋል፤ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነበር። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ሌላ ጥናት ኤም ቲ ኤ 95.6፣ ሱፐር ኢ ቢ ኤ 93.1 ከመቶ አስመዝግበዋል።

ስለዚህ አማልጋምን መተው ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከመሙያው ስም ይልቅ የሐኪሙ ጥንቃቄና አጉልቶ የሚያሳየው መሣሪያ ይበልጥ ይወስናሉ። ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰው አራት ነገር ይጠይቅ፦ ሩት ካናሉን እንደገና መሥራት አይቻልም ወይ? በማይክሮስኮፕ ወይም በማጉያ መነጽር ነው የሚሠራው? ጫፉ በምን ይሞላል? ለክትትል መቼ ልመለስ? በተለይ የመጨረሻው አይረሳ። ሕመም መጥፋቱ አጥንቱ ለመዳኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ከዓመት በኋላ የሚነሳው ራጅ ነው የሚያረጋግጠው።