የግራፍ ዓይነቶችን በኮምፒዩተር ኮድ ስለ መወከል፦ ከጋሞ ዞን የትምህርት መረጃ አንፃር

የአንድን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ቢሮ ከፍቶ የሚገባ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው በግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሰንጠረዦችና ግራፎች ነው። የተማሪዎች ቁጥር በክፍልና በፆታ፣ የመምህራን የትምህርት ደረጃ፣ የማቋረጥና የመድገም መጠን በማኒላ ወረቀት ላይ በማስመሪያ ተሠርተው ይታያሉ። ወረቀቱን የሚያዘጋጀው መምህር ማንም ሳያዘው ብዙ ነገር ይወስናል። ወንዶችንና ሴቶችን ጎን ለጎን በቆሙ ዓምዶች ያሳያል፤ ለዓመታት መስመር ይዘረጋል፤ ሪፖርቱ ያልደረሰው ክፍል ቢኖር ቦታውን ክፍት ትቶ ከሥሩ በእርሳስ ይጽፍበታል። ይህ ውሳኔ በሙያው የዳበረ ዕውቀት እንጂ በመመሪያ የሰፈረ አይደለም።

መረጃው ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሮ «ዳሽቦርድ» በሚባለው የመረጃ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ግን ያ መምህር በቦታው የለም። በእርሱ ፈንታ የሚወስነው ፕሮግራሙን ያዘጋጀው ባለሙያ ከወራት በፊት ያሰፈረው ኮድ ነው። በማኒላ ወረቀት ላይ የተሠራ ስሕተት አንድ ግድግዳ ያበላሻል። በኮድ ውስጥ ያለ ስሕተት ግን ከአርባ ምንጭ ከተማ እስከ ጨንቻ፣ ዲታና ቦንኬ ወረዳዎች ድረስ ያለውን ሰሌዳ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳስታል። በሰሌዳው ላይ ተመሥርቶም መጽሐፍ ይከፋፈላል፣ መምህር ይመደባል፣ የመማሪያ ክፍል ይከፈታል ወይም ይዘጋል። ስለሆነም «ኮምፒዩተሩ የግራፉን ዓይነት እንዴት ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ለፕሮግራም አዘጋጂዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

የግራፍ ዓይነት ከሠሪው ምርጫ ይልቅ ከመረጃው ጠባይ እንደሚመነጭ የነገሩ ታሪክ ራሱ ያስረዳል። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ የእንግሊዝን የገቢና የወጪ ንግድ በዓመታት ሂደት በመስመር አሳይቷል። የስኮትላንድ ተራ ሲደርስ ግን በእጁ የነበረው የአንድ ዓመት አኃዝ ብቻ ነበር። በአንድ ዓመት አኃዝ መስመር መዘርጋት ስለማይቻል ከስኮትላንድ ጋር የሚነግዱትን አገሮች ከላይ እስከ ታች ደርድሮ ለየእያንዳንዳቸው ዓምድ ሠራ። የባር ግራፍ የተገኘው በዚህ ሁኔታ፣ ማለትም መረጃ በማጣት ነው። የክብ ግራፍ በዚያው ሰው እጅ በ1801 ተከተለ።

ስም ብቻውን ሲጻፍ

የግራፍን ዓይነት በኮድ ለመወከል ቀላሉ ዘዴ ስሙን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ማስፈር ነው። ፕሮግራሙ «መስመር» የሚል ጽሑፍ ሲያገኝ መስመር፣ «ክብ» የሚል ሲያገኝ ክብ ይሠራል። ዘዴው ለአንድ ባለሙያና ለአንድ ሣምንት ሥራ ይበቃል። ችግሩ የሚጀምረው ሁለተኛው ሰው ሲጨመር ነው።

የአማርኛ አጻጻፍ ችግሩን ያባብሰዋል። «ዓምድ»፣ «ዐምድ» እና «አምድ» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው። በዩኒኮድ ሥርዓት ግን «አ» 4768፣ «ዐ» 4816፣ «ዓ» 4819 የሚል የየራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው፤ ስለዚህ ለኮምፒዩተሩ ሦስቱ ፈጽሞ የማይገናኙ ቃላት ናቸው። አንዱ ጸሐፊ «ዓምድ» ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው «አምድ» ብሎ ቢጠራው ፕሮግራሙ እንደማያውቀው ቆጥሮ ባዶ ሰሌዳ ያሳያል። ባዶ ሰሌዳስ ቢያንስ ይታያል፤ የከፋው በቦታ ስም ላይ የሚደርሰው ነው። ከፊሉ ትምህርት ቤት «ምዕራብ ዓባያ»፣ ከፊሉ «ምእራብ አባያ» ብሎ ሪፖርት ቢልክ አንዱ ወረዳ በግራፉ ላይ ሁለት ዓምድ ሆኖ ይወጣል፤ ሁለቱም ዓምዶች አጫጭር ይሆናሉ፤ ሰሌዳውን የሚመለከት ኃላፊም ወረዳው ብዙ ተማሪ የለውም ብሎ ይደመድማል።

መፍትሔው የተዘጋ ዝርዝር ነው። በኮዱ ውስጥ የተፈቀዱት የግራፍ ዓይነቶች በቁጥር ወይም በማይለወጥ መለያ ተዘርዝረው ይቀመጣሉ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ነገር ሲጻፍ ፕሮግራሙ ከመነሻው አይቀበልም። ለሰው ዓይን የሚታየው ስም ከመለያው ተለይቶ ይያዛል። በዚህም አሠራር ሰሌዳው በአማርኛም ሆነ በጋሞኛ ቢቀርብ ከበስተኋላው ያለው ኮድ አንድ ነው።

ዝርዝሩ የማይበቃበት ምክንያት

የተዘጋ ዝርዝር በሰፊው በሥራ ላይ የዋለ ዘዴ ነው። መነሻው በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነውና የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት «ዲኤችአይኤስ 2» የተባለው የመረጃ ሥርዓት የግራፍ ዓይነቶችን የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው። ዓምድ፣ ተደራራቢ ዓምድ፣ አግድም ዓምድ፣ መስመር፣ ስፋት፣ ክብ እያለ ይዘረዝራል። ዓመትን ከዓመት የሚያነጻጽረው መስመርና ዓመትን ከዓመት የሚያነጻጽረው ዓምድ ግን እንደ አዲስ ዓይነት ለየብቻ የተመዘገቡ ናቸው። የዝርዝር ጠባይ ይህ ነው፤ አዲስ ፍላጎት በመጣ ቁጥር አዲስ ስም ይጨመራል፣ ዝርዝሩም ይረዝማል።

ከርዝመቱ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ስም ብቻውን ግራፉ ምን እንደሚያስፈልገው አይናገርም። የክብ ግራፍ ተደምረው አንድ ሙሉ የሚሆኑ ክፍሎችን ይጠይቃል። የመስመር ግራፍ በአግድሙ ላይ ቅደም ተከተል ያለው ነገር ይፈልጋል፤ ከቦንኬ ወደ ዲታ፣ ከዲታ ወደ ጨንቻ የተዘረጋ መስመር የሚናገረው ነገር የለም። የባር ግራፍ ከዜሮ መነሳት አለበት። ለምሳሌ ያህል አንዱ ትምህርት ቤት 480፣ ሌላው 500 ተማሪዎች አሏቸው እንበል። ልኬቱ ከ470 ቢጀምር የፊተኛው ዓምድ 10፣ የኋለኛው 30 ሆኖ ይቆማል። በ20 ተማሪ የሚበላለጡ ሁለት ትምህርት ቤቶች አንዱ የሌላው ሦስት እጥፍ መስለው ይታያሉ ማለት ነው።

በክብ ግራፍ ላይ የሚደርሰው ስሕተት ተደጋጋሚ ስለሆነ ጥቂት ማብራሪያ ይገባዋል። በአንዱ ወረዳ ከተማሪዎቹ 48 በመቶ፣ በሌላው 45 በመቶ፣ በሦስተኛው 42 በመቶ ሴቶች ናቸው ቢባል እነዚህ አኃዞች የሦስት የተለያዩ ሙሉዎች ክፍሎች ናቸው። ፕሮግራሙ ሳይጠይቅ ክብ ከሠራ 135 የሚሆነውን ድምር እንደ አንድ ሙሉ ወስዶ ይከፋፍለዋል። የሚወጣው ሥዕል ያማረ ነው፤ ትርጉም ግን የለውም።

ስለዚህ በሁለተኛው ደረጃ እያንዳንዱ ዓይነት ከነግዴታዎቹ ይመዘገባል። ክብ ሲባል «የክፍሎቹ ስም፣ መጠናቸው፣ የሙሉው መግለጫ» የተባሉት ሦስት ነገሮች ካልተሟሉ ኮዱ አይፈቅድም። ለአንድ ዓይነት የሚያስፈልገው ለሌላው ስለማያስፈልግ ሁሉንም በአንድ ቅጽ ማጨቅ ተገቢ አይሆንም፤ የመምህር የቅጥር ፎርምና የተማሪ መመዝገቢያ ፎርም አንድ እንደማይሆኑ ሁሉ ማለት ነው።

ዓይነቱን ከክፍሎቹ መገንባት

ሦስተኛው መንገድ ስሙን ፈጽሞ ይተዋል። ፈረንሳዊው ዣክ በርቲን እ.ኤ.አ. በ1967፣ አሜሪካዊው ሊላንድ ዊልኪንሰን በ1999 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ግራፍ እንደ ዓረፍተ ነገር በክፍሎቹ ሊተነተን እንደሚችል አሳይተዋል። ዓረፍተ ነገር ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ እንዳለው ግራፍም ምልክትና ምልክቱን የሚገዛ መረጃ አለው። ዛሬ «ቬጋ-ላይት» የተባለው ቋንቋ የሚሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። በአማርኛ ቃላት ቢጻፍ የሚከተለውን ይመስላል።

ምልክት፦ መስመር
አግድም፦ ዓመተ ምሕረት፣ ጠባዩ ጊዜ
ሽቅብ፦ የተማሪ ቁጥር፣ ጠባዩ መጠን
ቀለም፦ ፆታ፣ ጠባዩ ስም
ያልደረሰ መረጃ፦ ክፍት ይተው

ከዚህ ውስጥ ምልክቱን ወደ «ዓምድ» መለወጥ ብቻ ሌላ ግራፍ ያስገኛል፤ ዓመትን ከዓመት ለማነጻጸርም አዲስ ስም መፍጠር አያሻም። ይሁንና ቁም ነገሩ «ጠባዩ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ስም፣ ቅደም ተከተል፣ መጠንና ጊዜ የሚባሉት አራት ጠባዮች ካልተለዩ ኮምፒዩተሩ አኃዝ ሁሉ መጠን ይመስለዋል። የትምህርት ቤት መለያ ቁጥር አኃዝ ነው፤ ጠባዩ ግን ስም ነው። የክፍል ደረጃም አኃዝ ነው፤ 3ኛ ክፍል ከ2ኛ ክፍል በኋላ ይመጣል እንጂ 2ኛና 3ኛ ክፍል ተደምረው 5ኛ ክፍል አይሆኑም።

የጊዜ ጠባይ በአርባ ምንጭ ከተማ የሕዝብ ቁጥር ሊታይ ይችላል። በጥቅምት 1987 በተካሄደው ቆጠራ 40,020፣ በግንቦት 1999 በተካሄደው 74,879 ነዋሪ ተመዝግቧል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከእነዚህ ሁለት በፊት የግንቦት 1976 ቆጠራ አለ። በፊተኞቹ ሁለት ቆጠራዎች መካከል 10 ዓመት ከ5 ወር፣ በኋለኞቹ መካከል 12 ዓመት ከ7 ወር ይገኛል። ዓመቱ እንደ ስም ከተወሰደ ሦስቱ ነጥቦች በእኩል ርቀት ይደረደራሉ፤ የኋለኛው ዕድገትም ከእውነቱ ይበልጥ የፈጠነ ይመስላል። በዚህ ላይ አብዛኛው የፕሮግራም ቋንቋ በራሱ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ መሆኑ ይታከልበታል። አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ዓምድ ከተሰጣት ከሌሎቹ ወራት ጋር የምትነጻጸርበት መንገድ የለም።

የተቋረጠ መስመርና ያልደረሰ ሪፖርት

ለጋሞ አካባቢ ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ የወሰን ለውጥ ነው። «ጋሞ ጎፋ» የሚለው ስም በተለያየ ዘመን የተለያየ መሬት ይዟል። መቀመጫው በመጀመሪያ ጨንቻ፣ በኋላም አርባ ምንጭ የነበረው የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር የዛሬውን የደቡብ ኦሞ ምድር ጭምር ያጠቃልል ነበር። ከዚያ በኋላ አካባቢው በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ከወላይታና ከዳውሮ ጋር ቆይቶ በ1993 ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ዞን ተባለ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 1,593,104 ሕዝብ የነበረው ይህ ዞን በ2011 ዓ.ም. የጋሞ ዞንና የጎፋ ዞን ተብሎ ለሁለት ተከፈለ።

የተማሪዎችን ቁጥር ከ2005 እስከ 2015 ዓ.ም. በአንድ መስመር የሚያሳይ ኮድ ይህን ካላወቀ መስመሩ በ2011 ዓ.ም. እንደ ገደል ይወርዳል። የቀነሰው ተማሪ ሳይሆን መሬቱ ነው። ነገሩን የሚያውቅ የአካባቢው መምህር አይሳሳትም፤ ከሌላ ቦታ ተዛውሮ የመጣ የፕላን ባለሙያ ግን በአንድ ዓመት እጅግ ብዙ ልጆች ትምህርታቸውን ያቋረጡ ይመስለዋል። ስለዚህ በመስመር ግራፍ መዝገብ ውስጥ «ወሰን» የሚባል ተጨማሪ ግዴታ መኖር አለበት። አኃዙ የየትኛው ወሰን እንደሆነና ወሰኑ ከመቼ እስከ መቼ እንደጸና ይጻፋል፤ ወሰኑ በተለወጠበት ዓመትም መስመሩ ይቋረጣል። የተሻለው መንገድ መረጃውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንደገና መደመር ነው፤ ወረዳ ይከፈላል፣ ዞን ይከፈላል፣ ትምህርት ቤቱ ግን ከቆመበት አይንቀሳቀስም።

ያልደረሰ ሪፖርትም ከዚህ የማያንስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጋሞ ደጋ በክረምት መንገድ ሲበላሽ የአንድ ትምህርት ቤት ሪፖርት ሊዘገይ ይችላል። ኮዱ ባዶውን ቦታ በዜሮ ከሞላው መስመሩ እስከ ታች ወርዶ ይመለሳል፤ አማካዩም ይዛባል። ዜሮ ማለት «ተቆጥሮ አንድም አልተገኘም» ማለት ነው። «ተቆጥሮ ገና አልደረሰም» የሚለው ሌላ ነው። «አይመለከተውም» የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ እስከ 6ኛ ክፍል ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ላይ ዜሮ ተማሪ አለው ተብሎ አይመዘገብም። ሦስቱ በኮዱ ውስጥ የየራሳቸው ምልክት ካልተሰጣቸው የግራፉ ዓይነት በትክክል መመረጡ ብቻውን አይበቃም።

ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚስማማው ከሦስቱ መንገዶች የትኛው ነው? ሦስተኛው ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ያልሠለጠነ ሠራተኛ ትርጉም የሌለው ግራፍ እንዲገነባም ይፈቅዳል። ሁለተኛው፣ ማለትም ከነግዴታው የተመዘገበ አጭር ዝርዝር፣ ይመረጣል። መስመር፣ ዓምድ፣ ተደራራቢ ዓምድ፣ የነጠብጣብ ግራፍና ሰንጠረዥ አብዛኛውን የትምህርት መረጃ ያዳርሳሉ። ክሊቭላንድና መጊል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት የሰው ዓይን በአንድ ልኬት ላይ የተቀመጠን ቦታ ከማዕዘን ይልቅ አስተካክሎ ስለሚገምት ክብ ግራፍ ከዝርዝሩ ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም። ፕሮግራሙ አንድን ግራፍ አልሠራም ሲል ምክንያቱን በግልጽ አማርኛ ማሳወቅ ይኖርበታል፦ «እነዚህ መቶኛዎች የአንድ ሙሉ ክፍሎች አይደሉም፤ ዓምድ ይምረጡ» ቢል ሠራተኛው ይማርበታል። «ስሕተት ቁጥር 12» ቢል ግን የሚያስተምረው ነገር የለም።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ይህን ለማለማመድ ኮምፒዩተር የግድ አያስፈልግም። ሠልጣኞች በግድግዳ ላይ ያለ አንድ ግራፍ ተሰጥቷቸው ከላይ የተመለከቱትን አምስት መስመሮች በደብተራቸው ይሙሉ፤ ቀጥሎም በ«አግድም» ሥር ያለውን «ጊዜ» ወደ «ስም» ለውጠው ያንኑ ግራፍ በማስመሪያ እንደገና ይሥሩ። ለዚህ ልምምድ የሦስቱ ቆጠራዎች የአገር አቀፍ ውጤት ይበቃል፦ በግንቦት 1976 ኤርትራን ጨምሮ 42.6 ሚሊዮን፣ በጥቅምት 1987 ያለ ኤርትራ 53.5 ሚሊዮን፣ በግንቦት 1999 73.8 ሚሊዮን። መስመሩ በየት ላይ መቋረጥ እንዳለበት ግን መምህሩ አስቀድሞ አይንገራቸው።