ያውቁ ኖሯል? ድሬዳዋ፣ አፎቻና የብቸኝነት ነገር

በድሬዳዋ ከዕድር ጎን ለጎን አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለ። ሁለቱም ይበልጥ የሚታወቁት በለቅሶና በቀብር ቢሆንም፣ የታመመ አባልን መጠየቅም ወጋቸው ነው። ጥየቃው ቀላል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ 148 ጥናቶችን ያገናዘበ ትንተና፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ቤት ያዋለው ሰው ታዲያ ጠያቂ ያስፈልገዋል፤ «ምነው ከሳህ?» እያለ የሚያስጨንቀው ሳይሆን (እንዲህ ያለውስ በየሰፈሩ አይጠፋም) ቡናውን እየጠጣ የሚያጫውተው። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር አብሮት ወክ የሚያደርግ ከተገኘማ ይበልጥ ጥሩ ነው። ከብቸኝነቱ ጋር ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣትና የነገር ሁሉ ማስጠላት መጥተው ሁለት ሳምንት ከዘለቁ ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።